ጉድጓድ ሲመታ መሪው የሚወራጭ ከባድ ፒክአፕ፦ ከየት ልጀምር?

ባለ ጭነት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ከባድ ፒክአፕ ነው። ናፍጣ፣ ፎር ባይ ፎር፣ ከፊት ድፍን አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል) ያለውና በሞላ (በተጠቀለለ ስፕሪንግ) የተቀመጠ።

ቀጥ ባለ ጥሩ አስፋልት ላይ ምንም አይልም። በሰዓት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ የፊት ጎማ የድልድይ መጋጠሚያ ወይም ትንሽ ጉድጓድ ሲመታ ግን መሪው ግራ ቀኝ መወራጨት ይጀምራል። ያ ውርጭት ራሱን እያባሰ ይሄድና ጋቢናው በሙሉ ይናጣል። ፍጥነቱን በጣም እስክቀንስ አይለቀኝም። ከለቀቀ በኋላ ደግሞ መኪናው ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል።

ጎማ ባላንስ አስደርጌያለሁ፣ አላይመንትም ታይቷል። ለውጥ የለም። አንዱ ጋራዥ የመሪውን ሾክ (ውዝዋዜውን የሚያፍነውን) ቀይር አለኝ። ሌላው ቦል ጆይንቶቹን (ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርባቸውን የኳስ መገጣጠሚያዎች) በሙሉ እናውርድ ይላል። በግምት ዕቃ እየገዛሁ መቀጠል አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

ረጅም መንገድ

ወንድሜ፣ ስለ ዕቃው ሌሎቹ ይነግሩሃል። እኔ ሲጀምርህ ምን እንደምታደርግ ልንገርህ። ከባድ ፒክአፕ ተጎታች አስሬ ስለምነዳ ይህን ነገር አውቀዋለሁ።

መሪውን በሁለት እጅህ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፤ ግን ከውርጭቱ ጋር አትታገል። አውራ ጣትህን ከመሪው ክብ ውስጥ አውጣ። እግርህን ከነዳጅ አንሳ። ፍሬኑን ቀስ እያልክ እርገጥ። ደንግጠህ በአንዴ ከረገጥከው ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ይመጣና ሊብስብህ ይችላል። «ፍጥነት ጨምረህ እለፈው» የሚሉህን አትስማ። ከዚያ ዳር ያዝና ወርደህ ከሥር እይ፤ የወለቀ ወይም የተንጠለጠለ ነገር ካለ አትቀጥል። እስኪስተካከል ድረስም ጭነትና ተጎታች ይቅርብህ። ሰውም ባትጭን ይሻላል።

የጋራዥ ሰው

እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች እየተቀላቀሉ ሰው ገንዘቡን ይከሰክሳል። አንደኛው ንዝረት ነው። መንገዱ ለስላሳ ቢሆንም በአንድ የተወሰነ ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 110 ባለው ውስጥ፣ መሪው ይርገበገባል፤ ፍጥነት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ይተውሃል። ይህ በአብዛኛው የጎማና የቸርኬ ጉዳይ ነው። ባላንስ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ ክብነቱ የተዛባ ጎማ። በቸርኬው ውስጠኛ በኩል የደረቀ ጭቃ እንኳን ይበቃዋል። መሪው ላይ ከተሰማህ ከፊት ነው፤ ወንበሩ ሥር ከተሰማህ ከኋላ ወይም ከካርዳኑ (ኃይሉን ወደ አክስሉ ከሚያደርሰው ዘንግ) ነው።

ያንተ ግን ሁለተኛው ነው። አንድ ነገር መትቶ ያስነሳዋል፣ ከዚያ በራሱ ይቀጥላል። ድፍን አክስል ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ዘንግ ተያይዘው ስለሚዞሩ አንዱ ሲወዛወዝ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ክፍተት ካለ ያ ውዝዋዜ የሚይዘው አያገኝም። ስለዚህ የምትፈልገው የላላውን ቦታ ነው። ባላንስ ያላዳነህም ለዚህ ነው። የጎማ ችግር ውርጭቱን ሊያስነሳው ይችላል፤ የሚያኖረው ግን ልቅነት ነው።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ትራክ ባሩን ነው። አንድ ጫፉ ከሻሲው፣ ሌላው ጫፉ ከአክስሉ ጋር የታሰረ አግድም ዘንግ ነው፤ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዛል። ባሌስትራ (የተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት) ሲሆን ራሱ ባሌስትራው አክስሉን ወደ ጎንም በመጠኑ ይይዘዋል። ሞላ ግን ክብደት ይሸከማል እንጂ ወደ ጎን አይይዝም፤ ሸክሙ ሁሉ ትራክ ባሩ ላይ ይወድቃል። የፎርድ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350 ፎር ባይ ፎሮች ከ2005 ሞዴል ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ከፊት ከባሌስትራ ወደ ሞላ የዞሩ ናቸው። በእነዚህም ሆነ በሌሎች ባለ ሞላ ድፍን አክስሎች ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው ይኸው ዘንግ ላይ ነው።

ምርመራው ምንም ዕቃ አይፈልግም፣ ሁለት ሰው ብቻ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፤ ክሪክ አታስገባ፣ ጎማዎቹ መሬት ይያዙ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርግ። ሞተሩ ይነሳ፣ የመሪው ኃይል እንዲሠራ። አንዱ ሰው ጋቢና ውስጥ ሆኖ መሪውን ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዝ። አንተ ከሥር በባትሪ ተመልከት። መጀመሪያ የትራክ ባሩን ሁለት ጫፎች፣ ቀጥሎ ከመሪ ቦክሱ ክንድ እስከ ጎማው ያሉትን ቴስቲናዎች (የመሪ ዘንጎቹን መገጣጠሚያዎች) አንድ በአንድ፣ በመጨረሻ መሪ ቦክሱ ራሱ ሻሲው ላይ የሚነቃነቅ መሆኑን። ጤነኛ መገጣጠሚያ ይዞራል እንጂ ወደ ጎን አይዘልም። ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭ ቀጭ ቢል ወይም ቡሹ (በዘንጉ ጫፍ ብሎኑን የሚያቅፈው ማስገቢያ) ቢጨፈለቅ አገኘኸው ማለት ነው። ጣትህን በሚንቀሳቀሱት መሃል አታስገባ፣ ዳር ላይ ብቻ ዳስስ።

ከዚያ በኋላ ነው ክሪክ የሚገባው። በአክስሉ ሥር አንሳና በማስደገፊያ አስቀምጠው፤ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ሥሩ አትግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። ከተነቃነቀ ጓደኛህ ፍሬን ይርገጥልህ። ፍሬን ሲያዝ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘህ ስትነቀንቀው የሚላላ ከሆነ ደግሞ ወደ ቴስቲናዎቹ ተመለስ።

ናፍጣ ወዳድ

ይህን ሁሉ ከማድረግ የመሪውን ሾክ መቀየር አይቀልም? እኔ ቀይሬ ተገላግያለሁ። አሁን ጸጥ ብሏል።

የጋራዥ ሰው

ጸጥ ብሏል አልክ እንጂ ድኗል አላልክም 😀 ሾኩ ውዝዋዜውን ያፍናል፤ የላላውን አያጠብቅም። አዲሱ ሾክ እየደከመ ሲመጣ፣ ከሥሩ ያለው ክፍተትም በዚያው ልክ እየሰፋ ስለሚቆይ፣ በባሰ ጉልበት ይመለሳል።

ግን ፍርድ ሳላዛባ፣ የሞተ ሾክም መቀየር አለበት። ከአንድ ጫፍ ፈተህ በእጅህ ግፋው፣ ሳበው። ሁለቱም አቅጣጫ ላይ እኩል መክበድ አለበት። ባዶ የሚሄድበት ቦታ ካለው ወይም ዘይት ካፈሰሰ ለውጠው። ይህ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው።

ጎማ ተራ

አንድ ጥያቄ ለጠያቂው። ጎማው ከፋብሪካው ልክ ይበልጣል? ፊቱስ ከፍ ተደርጓል? ንፋሱ ስንት ነው?

ባለ ጭነት

አዎ፣ ጎማው ከልኩ ትንሽ ይተልቃል። ፊቱንም የቀድሞው ባለቤት በሞላው ላይ ማስነሻ ጨምሮ ከፍ አድርጎታል። ንፋሱ አራቱም ላይ 80 ፒኤስአይ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን አይቼ ነው የሞላሁት።

ጎማ ተራ

በል እዚህም ሥራ አለህ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ግፊት ነው፤ መኪናህ የሚፈልገው አይደለም። የመኪናው በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ የፊትና የኋላው ሊለያይ ይችላል። ባዶ መኪና ላይ 80 ስትሞላ ጎማው ድንጋይ ይሆናል። ጉድጓዱን አይውጠውም፣ ምቱን እንዳለ ለመሪው ያቀብለዋል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስተካክለው። ግራና ቀኝ እኩል ይሁን።

ሌላው ማስነሻው ነው። ፊቱ ከፍ ሲል አክስሉ በያዙት ክንዶች ላይ ዞር ይላል፣ ካስተሩ ይቀንሳል። ካስተር ማለት ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የጋደለበት ልክ ነው። የብስክሌትን የፊት ሹካ አስበው፤ መጋደሉ እጅህን ብትለቅ እንኳን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያግዘዋል። ካስተሩ ሲያንስ መሪው ወደ መሃል መመለስ ይሰንፋል፣ መኪናውም መዋለል ይጀምራል። አላይመንት ሲያዩልህ ጎማዎቹ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያዩበትን ብቻ አስተካክለው ሊሆን ይችላል። የካስተሩን ቁጥር የያዘ ወረቀት ጠይቅ፤ «ልክ ነው» የሚል ቃል ብቻ አትቀበል።

በተጨማሪም ፊቱ ከፍ ሲል ትራክ ባሩ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ከፊት ቆመህ ብታይ አንዱ ጎማ ከሌላው ወጣ ብሎ ታገኘዋለህ።

ዳገት

እኔም ልጠይቅ። የኔ የቆየ ላንድ ክሩዘር 70 ፒክአፕ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት፣ 50 ወይም 60 ላይ፣ መሪው ይርገፈገፋል። ቦል ጆይንት የለውም ይሉኛል። ታዲያ ምኑን ልይ?

የጋራዥ ሰው

ትክክል ነው፣ በእሱ ላይ ቦል ጆይንት የለም። ጎማው የሚዞረው ከላይና ከታች በተቀመጡ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ነው፤ በቀጫጭን ብረቶች እየተመጠኑ በጥብቀት ይታሰራሉ። ያ ጥብቀት ሲሞት መሪው መርገፍገፍ ይጀምራል። ኩሽኔታዎቹን ቀይሮ ጥብቀቱን በሚዛን መንጠቆ እየለኩ መመለስ ነው። እግረ መንገድህን በአክስሉ ኳስ ዙሪያ ያለውን የዘይት ማኅተም እይ። የማርሽ ዘይቱ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኖ ከሆነ ኩሽኔታውን የጨረሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ በፊት የጎማ ኩሽኔታውንና ባላንሱን አረጋግጥ፣ እነሱ ይቀላሉ።

ባለ ጭነት

ወንድሞች፣ እህቴም፣ አመሰግናለሁ። ወንድሜን መሪው ላይ አስቀምጬ የተባለውን ሠራሁ። ትራክ ባሩ በአክስሉ በኩል ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከሥር ሆኖ በዓይን ይታያል። ቴስቲናዎቹ ደህና ይመስላሉ። ብሎኑን ሳጠብቀው ትንሽ ተሻለ፣ ግን አሁንም ይነቃነቃል። ንፋሱን ወረቀቱ ላይ ወዳለው አውርጄዋለሁ። ትራክ ባሩን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

የጋራዥ ሰው

ላይበቃ ይችላል። ብሎኑን አውጣና ቀዳዳውን እይ። ብሎኑ ላልቶ ብዙ ከሠራ ቀዳዳው ከክብነት ወጥቶ እንቁላል ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ አዲስ ዘንግ ብታስገባም ያው ነው። በልኩ እንዲሰፋ ተደርጎ ወፍራም ብሎን ይገባበታል ወይም መያዣው በሚያውቅ በያጅ ይታደሳል። ብሎኑም መሃሉ ተበልቶ ከሆነ አሮጌውን አትመልስ፤ ጥንካሬው ከድሮው ያላነሰ ይሁን።

ፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ርዝመቱ የሚስተካከል ትራክ ባር ብታስገባ አክስሉን መሃል ትመልሰዋለህ። ቡሹ ላስቲክ ከሆነ ብሎኑን የመጨረሻ የምታጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ካጠበቅኸው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ማጥበቂያው በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ በመኪናው መመሪያ ቁጥር ይሁን። እነዚህ ብሎኖች ትልቅ ጥብቀት ነው የሚፈልጉት፤ በተራ ቁልፍ «ጠበቀ» ያልከው አይደለም።

መሪ ቦክሱ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን እንዳትነካ። ብዙ ሰው መሪው የላላ ሲመስለው እሷን ያጠብቃል። ካለልክ ከጠበቀች መሪው መሃል ላይ ይይዛል፣ ከመታጠፊያም በራሱ አይመለስም።

ረጅም መንገድ

አክስሉ ወደ መሃል ሲመለስ መሪው ጠሞ ቢቀመጥ አትደንግጥ። ከመሪ ቦክሱ ክንድ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ በማስተካከል ቀጥ ይደረጋል። መሪውን ነቅሎ በሌላ ጥርስ መሰካት መፍትሔ አይደለም።

ናፍጣ ወዳድ

እሺ፣ እኔም የኔን ከሥር ገብቼ ላየው ነው። አንድ ነገር ብቻ። የኔ ፍሬን ስይዝ ብቻም ይርገበገባል። ይህም ከትራክ ባር ነው?

የጋራዥ ሰው

ፍሬን ስትረግጥ ብቻ ከሆነ ወደ ዲስኩ ሂድ። ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ፣ ወይም ከሃቡ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝገት ይዞ ዲስኩ ጠሞ ከተቀመጠ እንዲህ ያደርጋል። ስትገጥመው ዝገቱን ጠርገህ የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀል እያፈራረቅህ እኩል አጥብቅ። ላላ ያለ መሪ ግን ያንን ትንሽ ርግብግብ ያጎላዋል፤ ስለዚህ ከሥር መግባቱ አይቀርልህም።

ባለ ጭነት

ቀዳዳው እንዳላችሁት ከክብነት ወጥቷል። መያዣውን የሚያድስ ሰው አግኝቻለሁ፣ የሚስተካከለውን ትራክ ባርም አዝዣለሁ። ከተገጠመ በኋላ ብሎኑን መቼ ነው ደግሜ የማየው?

የጋራዥ ሰው

ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ በቶርክ ቁልፉ ደግመህ ሞክረው። በብሎኑ ራስና በመያዣው ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምርበት፤ ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል፣ ወርደህ በዓይንህ ታየዋለህ። አላይመንቱን ከዚያ በኋላ አሠራ፤ የካስተሩን ወረቀት ስትይዝ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን።