ክርክር፦ የአልጋ አቅጣጫ እንቅልፍና ሕልም ይለውጣል ወይስ አይለውጥም?

ቶሳ ግርጌ፦ ሰላም ሰፈርተኞች፣ እስቲ ፍረዱን። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ በቅርቡ ገብቻለሁ። ስተኛ እግሬ ወደ በሩ ነው። አከራዬ ገና ሲያዩት «ልጄ፣ እንዲህ እየተኛህ ነው ዱካክ የሚጫንህ፤ አልጋውን አዙረው» አሉኝ። እውነትም ሌሊት ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቁጭ ይልብኛል። ነቅቼ እንኳ መጮህ ያቅተኛል። ጓደኛዬ ግን አልጋው ምን አገባው ይላል።

ሰኞ ገበያ፦ አዙረው እንጂ ምን ትጠይቃለህ! እኔ አልጋዬን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ካስጠጋሁት ወዲህ ክፉ ሕልም የሚባል የለም። ሕንዶቹ ራስን ወደ ሰሜን አድርጎ መተኛት አይሆንም ይላሉ። ቻይናዎቹም እግርን ወደ በር አይወዱም። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ተሳስቶ ነው?

ሸዋ በር፦ ሕንዱን ተወውና እዚሁ እናውራ። ቂብላው፣ የምንሰግድበት የመካ አቅጣጫ፣ ከደሴ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። በቀኝ ጎኔ ስተኛ ፊቴ ወደዚያ እንዲሆን ራሴን ወደ ምሥራቅ አደርጋለሁ። ይህን ግን ለሕልም ብዬ አይደለም። በቀኝ ጎን መተኛት ሱና ስለሆነ ነው። ለክፉ ሕልም ከቁርኣን አያተል ኩርሲይን መቅራት አለልኝ። ሁለቱን አታቀላቅሉብን።

ፒያሳ፦ የኛ ቤት ዳዊት ትራስ ሥር ነው። አያቴ ቢላም ይጨምሩበታል 😄

ኮምቦልቻ፦ አቦ ደሴዎች፣ ቅንጦት ላይ ናችሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ እኛ ጋ ኑ። ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። እኔ የምተኛው ዋናው መንገድ ዳር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሳቢ መኪና ያልፋል፤ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይዘፍናል። ራሴን በአራቱም ማዕዘን አድርጌ ሞክሬዋለሁ። ተሳቢ አቅጣጫ አይመርጥም።

ሲስተር፦ ነርስ ነኝ፣ ትንሽ ላስረዝም። ወንድምዓለም፣ ዱካክ ያልከው በሕክምናም የታወቀ ነገር ነው። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ የሰውነት ጡንቻ ይዝላል፤ ያየነውን ሕልም ተነስተን እንዳንሠራው ይመስላል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ይዘገያል። ያኔ ነው የተጫነህ የሚመስልህ። በጀርባ መተኛት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። ስለዚህ መጀመሪያ ራስህ በጎንህ ዙር፤ አልጋው ይቆይ።

አዲስ ቤትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት፣ ሰው አዲስ ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት ግማሹ አእምሮ እንደ ዘበኛ ነቃ ብሎ እንደሚያድር ነው። ይሄ ሲለመድ ይጠፋል።

አሁን ዋናውን ልጠይቅህ። ማታ ከሰል ታስገባለህ? የደሴ ብርድ ይታወቃል። ማንደጃ አስገብቶ በርና መስኮት ደፍኖ መተኛት የብዙ ቤት ልማድ ነው። ፍሙ ቢቀላ፣ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ጠዋት ራስህን እያመመህ፣ እያቅለሸለሸህ የምትነሳ ከሆነ የአልጋ አቅጣጫ ክርክሩን ትተህ ማንደጃውን ከቤት አውጣ። ይሄ ሰው ይገድላል።

ቶሳ ግርጌ፦ ከሰል የለም ሲስተር፣ አብሽሪ። ግን ማታ አከራዬ ቡና ይጠሩኛል። እስከ በረካ እቀመጣለሁ፣ እምቢ አይባልም።

ሲስተር፦ በለው! የጠጣኸው ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቡናውን ከሰዓት በኋላ ይጥሩህ።

ሰኞ ገበያ፦ ታዲያ የኔስ? አልጋ አዞርኩ፣ ሕልሜ ተስተካከለ። ይህን በምን ትክጂዋለሽ?

ሲስተር፦ አልክድም። አንተ ግን ከመስኮት ነው የሸሸኸው። ከብርዱ፣ ከመንገዱ መብራት፣ ከውሻ ጩኸት ራቅህ። ሕልም ሁላችንም እናያለን፤ መሃል ላይ የባነነ ሰው ነው በደንብ የሚያስታውሰው። ውሻ በቀሰቀሰህ ቁጥር ሕልምህን ይዘህ ትነሳ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሕልም ውስጥ እንደሚገባም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዲመንትና ዎልፐርት የሚባሉ ተመራማሪዎች የተኛ ሰው ላይ ውሃ ረጭተው ሲቀሰቅሱት፣ ዝናብ ወይ የሚያፈስ ጣራ አየሁ ያሉ ነበሩ። ስለዚህ አልጋ ማንሳቱ ጠቅሞሃል፤ ሰሜን ደቡቡ ግን የለበትም።

ሰኞ ገበያ፦ እግርን ወደ በር ማድረጉስ?

ሲስተር፦ በሩ ሥር ብርድ ከገባ እግርህ ይቀዘቅዛል፣ ትባንናለህ። በሩ እያሳሰበህ ከተኛህም እንቅልፍህ ይሳሳል። ከዚያ ያለፈ ማስረጃ አላየሁም።

ሰኞ ገበያ፦ ያሳስበኛላ! እኔስ ምን አልኩ?

ኮምቦልቻ፦ የኔን ማን ይፍረደው? ተሳቢውን ላዞረው አልችል።

ፒያሳ፦ አልጋህን ወደ ጓሮው ክፍል ውሰዳ።

ኮምቦልቻ፦ ጓሮ የጎረቤት አውራ ዶሮ አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል።