ማንም ሳያየው ተከፍቶ የሚውል ቲቪ ልጆችን ምን ያደርጋል? ሲዘጋ የሚነሳው ለቅሶስ እንዴት ይቀራል?

የሁለት ልጆች አባት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የ3 ዓመት ተኩል ወንድ ልጅንና የ9 ወር ሕፃንን የሚመለከት ነው። ቲቪው ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። ትልቁ በቀን 4 ሰዓት ያህል ካርቱን ያያል፤ በቀረው ጊዜ ዜናውም ድራማውም ሰሚ ኖረም አልኖረም ያወራል። ሕፃኗ ወለል ላይ አሻንጉሊቷን ይዛ ትጫወታለች እንጂ ዞር ብላም አታየውም።

ካላየችው ይጎዳታል? በነዚህ ዕድሜዎች የሚፈቀደው ስንት ሰዓት ነው? ትልቁ «5 ደቂቃ ቀረህ» እየተባለም ሲዘጋበት መሬት ላይ ተንከባሎ የሚጮኸው ለምንድን ነው? ስክሪኑ ሥር ተለጥፎ ማየቱስ ዓይኑን ያበላሻል? «ቲቪ መጥፎ ነው» የሚለውን ብዙ ሰምተናል፤ የምፈልገው ከነምክንያቱ ምን እንደሚደረግ ነው።

የንግግር ሕክምና

ከሕፃኗ ልጀምር፤ የሁሉም ሰው ዓይን ትልቁ ላይ ስለሚያርፍ እሷ ትረሳለች። ስክሪኑን አለማየቷ አያድናትም። ቲቪ ሲያወራ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ዝም ይላል፤ ዋናው ጉዳት ይህ ነው። በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ2 ወር እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ልብስ ላይ ትንሽ መቅረጫ አድርጎ የሚሰሙትን ቃል ቆጥሮ ነበር። የቲቪ ድምፅ በተሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በአማካይ በ770 ያህል ቀንሶ ተገኘ። የልጆቹ የራሳቸው ድምፅም አብሮ ቀንሷል። ሕፃን ቋንቋ የሚይዘው በምልልስ ነው፦ «ባባ» ስትል አንድ ሰው ዞር ብሎ «አባባን ነው? አዎ፣ አባባ መጣ!» ይላታል፣ እሷም ትመልሳለች። ቲቪው አይመልስላትም፤ የሚመልስላትንም ሰው ይወስድባታል።

ሁለተኛው ጨዋታዋ ነው። በ2008 በታተመ ሙከራ የ1፣ የ2 እና የ3 ዓመት ልጆች አሻንጉሊት ባለበት ክፍል ለ1 ሰዓት ተጫወቱ፤ ለግማሹ ሰዓት የአዋቂዎች የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ተከፍቶ ነበር። ልጆቹ ቲቪውን የሚያዩት በጨረፍታ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር። ቢሆንም በአንድ ጨዋታ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ አጠረ። አንዱን ያነሳሉ፣ ድምፅ ሲቀየር ቀና ይላሉ፣ ተመልሰው የጀመሩትን አይቀጥሉትም። በዚህ ዕድሜ ትኩረት የሚሠራው አንድን ኩባያ ሃያ ጊዜ እየከደኑና እየከፈቱ ስለሆነ ያ መቆራረጥ ቀላል ነገር አይደለም።

«ለሕፃናት ተብሎ የተሠራ ቪዲዮስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልጆች እስከ 2 ዓመት ተኩል ገደማ ከስክሪን የሚማሩት፣ ያንኑ ነገር ከሰው ሲያዩት ከሚማሩት በጣም ያንሳል። በ2003 በታተመ ሙከራ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ማንዳሪን ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ለ12 ጊዜ ተጫውተው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ሌሎች ሕፃናት ያንኑ ያህል ጊዜ በቪዲዮ ተመለከቱ፤ ውጤታቸው ቋንቋውን ጨርሶ ሰምተው ከማያውቁት አልተለየም።

ስለዚህ ካርቱኑን ከመነካካትህ በፊት ይህን አድርግ። ሁለት ቀን ያህል ቲቪው አጠገብ ወረቀት አስቀምጥና በየግማሽ ሰዓቱ «ክፍት ነው? ቁጭ ብሎ የሚያየው ማን ነው?» የሚለውን ሙላ። «ማንም» የተባለበትን ሰዓት በሙሉ ዝጋ። ያንን የሚናፍቅ ስለሌለ ለቅሶም የለበትም። ድምፁን መቀነስ ግማሽ መንገድ ነው፤ የሚለዋወጠው ብርሃንና እንቅስቃሴ መሳቡን አይተውም። ዝምታው ከከበዳችሁ ዝግ ያለ ሙዚቃ ይሻላል፤ ወሬ የበዛበት ሬዲዮ ግን ያንኑ ቲቪ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ልጅ በ12 ወሩ እንደ «ባባ» ያለ ድምፅ የማያሰማ፣ በ18 ወሩ አንድም ቃል የማይል፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያያይዝ ወይም በስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ «ቲቪው ነው፣ ሲዘጋ ይመጣል» ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። የካርቱን ዓረፍተ ነገር በቃሉ የሚወርድ፣ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲባል ግን የማይመልስ የ3 ዓመት ልጅም መታየት አለበት።

የሕፃናት ነርስ

ስለ ሰዓቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪንን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰ ይሻላል ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር ደግሞ ከ18 ወር በታች ከቪዲዮ ጥሪ በቀር ምንም፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት በቀን 1 ሰዓት፣ እሱም ጥራት ያለው ፕሮግራም። የቪዲዮ ጥሪ የተለየው ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ለሕፃኑ ስለሚመልስለት ነው፤ ከላይ ከተባለው ጋር ይሄዳል።

እኔ ግን ወላጆችን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑን ጨምሮ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ማታ ማየት ይህን በሦስት መንገድ ይሸረሽራል፦ «አንድ ብቻ» እየተባለ የመኝታ ሰዓት ይገፋል፣ ኃይለኛ ትዕይንት ልጁን ያነቃቃል፣ ብርሃኑ ደግሞ እንቅልፍ የሚጠራውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ያለው 1 ሰዓት ያለ ስክሪን ይሁን፤ ቲቪም ልጁ የሚተኛበት ክፍል አይግባ። ከ4 ሰዓቱ ለመቀነስ ከየት እንጀምር ካላችሁ መልሴ ከማታው ነው።

ቀጥሎ ምግብ። ቲቪ እያየ የሚበላ ልጅ መጥገቡን አያስተውልም፤ አፉን ከፍቶ ይቀበላል። «ካርቱን ካልተከፈተ አይበላም» የሚባለው ልማድ በአጭር ጊዜ ይተከላል፣ ለመንቀል ግን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

ዓይኑን በተመለከተ፦ ቀርቦ ማየት ዓይን አያበላሽም፣ ያደክመዋል እንጂ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ልጁ ወደ ኋላ ሲመለስ አጥርቶ የማያይ ስለሆነ ቀርቦ ሊሆን ይችላል። 3 ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡትና ስክሪኑ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ምን እንደሆነች ጠይቁት። ዓይኑን ካጨነቆረ፣ ራሱን ካዘነበለ ወይም ወዲያው ተመልሶ ከቀረበ የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል። ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን መጫወት የሩቅ እይታ እንዳይደክም እንደሚረዳ ይታወቃል፤ በቀን ወደ 2 ሰዓት ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው።

የሁለት ልጆች አባት

አመሰግናለሁ፣ የወረቀቱን ነገር ዛሬውኑ እጀምራለሁ። የትልቁን 4 ሰዓት በአንዴ ወደ 1 ላውርደው ወይስ ቀስ በቀስ?

የሕፃናት ነርስ

በአንዴ። በየቀኑ የሚለዋወጥ ገደብ ለልጅ ድርድር ነው የሚመስለው። በ1999 የታተመ፣ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች የተሳተፉበት የታወቀ ሙከራ ልጆቹ መጀመሪያ ለ10 ቀን ጨርሰው እንዲተዉ፣ ከዚያ በሳምንት በ7 ሰዓት እንዲወሰኑ ነበር የጠየቀው። በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ የክብደታቸው ጭማሪ ሙከራው ካልተደረገበት ሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ያነሰ ሆነ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት

እዚህ ላይ ከነርሷ እለያለሁ። እነዚያ የ8 እና የ9 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ገደብ ሲነገራቸው ይገባቸዋል። የ3 ዓመት ተኩል ልጅ «በሳምንት 7 ሰዓት» ቢባል ምኑም አይደለም። እሱ የሚያውቀው «ከቁርስ በኋላ ሁለት ካርቱን፣ ከዚያ ወደ ደጅ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ከደቂቃ ይልቅ በካርቱን ክፍል ቁጠሩለት፣ ቲቪ የሚያይበት ጊዜም ከአንድ የቀኑ ሥራ ጋር ይታሰር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የማታውን አንሱ፣ በሁለተኛው የምሳውን፤ የሚቀረው አንዱ ይበቃዋል።

«5 ደቂቃ ቀረህ» ለምን እንደማይሠራ፦ ልጁ 5 ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም፣ ማስጠንቀቂያውም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ታሪኩ መሃል ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ልጆች ባሏቸው ቤተሰቦች ላይ የተሠራና በ2016 የወጣ ጥናት፣ «2 ደቂቃ ቀረህ» የተባሉ ልጆች ሲዘጋ ይበልጥ እንደሚቆጡ አሳይቷል። ለቅሶው የቀለለው በሦስት ሁኔታ ነው፦ ፕሮግራሙ በራሱ ሲያልቅ፣ መዝጋቱ የየቀኑ ልማድ ሲሆን፣ መሣሪያው ራሱ ሲያቆም። ከወላጅ ጋር መከራከር ይቻላል፤ ካለቀ ካርቱን ጋር ግን ምን ክርክር አለ?

አዘጋጉ እንዲህ ይሁን። ከመክፈትህ በፊት ስንት ክፍል እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ንገረው፤ ቀጣዩም ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፣ ውኃ የተሞላ ሳፋ ወይም ወለል ላይ የተበተነ መገጣጠሚያ። የመጨረሻው ክፍል ሊያልቅ ሲል አጠገቡ ቁጭ ብለህ ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ጠይቀው፤ ዓይኑ ወደ አንተ ይመለሳል። መዝጊያውን ራሱ ይጫን። ከዚያ በኋላ ቢያለቅስ አትክፈት፤ አንድ ጊዜ በለቅሶ የተከፈተ ቲቪ በሚቀጥለው ቀን ሁለት እጥፍ ለቅሶ ያመጣል። ብዙ ቤት የሚፈርሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው፣ ለቅሶው ከመብረዱ በፊት አንዴ ጎላ ስለሚል።

ከሰዓቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሚታየው ነገር ነው። በ2011 በታተመ ሙከራ የ4 ዓመት ልጆች ትዕይንቱ በጥቂት ሰከንድ የሚቀያየር ፈጣን ካርቱን ለ9 ደቂቃ ብቻ አይተው ወዲያው ሲፈተኑ፣ ሥዕል ሲስሉ ከቆዩት ይልቅ ራሳቸውን መግታትና መመሪያ መከተል ከበዳቸው። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ሰዓቱን እንዲቀንሱ አልጠየቀም፤ ዱላና ጥቃት ያለበትን መተባበር በሚያሳይ ፕሮግራም እንዲተኩ ብቻ ረዳቸው። የልጆቹ ጠብ አጫሪነት ቀነሰ። ስትመርጥ ድምፁን አጥፍተህ አንድ ደቂቃ እየው፤ ትዕይንቱ ሲቀያየር ቁጠር። መቁጠር ካቃተህ ለእሱም በዝቶበታል።

ዜናውንም አስብበት። የዚህ ዕድሜ ልጅ አንድን አደጋ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ካየ አሥር አደጋ ነው የሚመስለው። ማስታወቂያም እንዲሁ፤ ልጆች እስከ 7 ወይም 8 ዓመታቸው ድረስ ሊሸጥላቸው እንደተፈለገ በደንብ አይረዱም።

ቴክኒሻን

መሣሪያው ራሱ ያቁም ለተባለው። ዩቲዩብ ላይ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አውቶፕሌይን (ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስከትለውን) አጥፉ፤ አለዚያ «የመጨረሻው ክፍል» የሚባል ነገር የለም። ዩቲዩብ ኪድስ በቁልፍ ምልክቷ ስትገቡ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ አለው። አብዛኛው ቲቪ ስሊፕ ታይመር (በተሞላው ሰዓት ቲቪውን በራሱ የሚዘጋ) አለው፣ ግን ታሪኩ መሃል ሊዘጋ ስለሚችል ከክፍሎቹ ርዝመት ትንሽ አስበልጣችሁ ሙሉት። ፒን ስታስገቡ ልጁ እያየ አይሁን፤ አራት ቁጥር በቶሎ ነው የሚይዙት።

ልጁ ስክሪኑ ሥር ይለጠፋል ተባለ፣ ስለ መውደቅ ግን ማንም አላነሳም። ጠረጴዛ ላይ የቆመ ጠፍጣፋ ቲቪ ልጅ ከላይ ጎትቶት ወደ ፊት ለመውደቅ ብዙ ጉልበት አይፈልግም። ከጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች ቀበቶ አስራችሁ ከግድግዳ ጋር ያዙት። የብሎኑ ውፍረት እንደ ቲቪው መጠን ኤም4፣ ኤም6 ወይም ኤም8 ነው፤ ርዝመቱን ከመመሪያው ሳታዩ አትግጠሙ፣ የረዘመ ብሎን ውስጥ ገብቶ ቦርድ ይወጋል። ግድግዳው ላይ በፊሸር (ብሎን የሚይዝ የግድግዳ መሰኪያ) ይግባ፤ ባዶ ብሎኬት ከሆነ ተራው ፊሸር ስለሚነቀል ለባዶ ግድግዳ የተሠራውን ተጠቀሙ። ሪሞትና አሻንጉሊት ቲቪው ላይ ወይም ጀርባው አይቀመጥ፤ ልጆች ቲቪው ላይ የሚንጠላጠሉት እነሱን ለማንሳት ነው። ዱሮ የነበረው ወፍራም ቲቪ ካላችሁ ክብደቱ ያለው ፊቱ ላይ ስለሆነ ኮሞዲኖ ላይ ፈጽሞ አታድርጉት።

አንባቢ 12

ቲቪ ኦቲዝምና የትኩረት ችግር ያመጣል የሚባለውስ?

የሕፃናት ነርስ

ኦቲዝም ያመጣል የሚል ማስረጃ የለም። ትኩረትን በተመለከተ በ2004 የታተመ ጥናት በ1 እና በ3 ዓመታቸው ብዙ ያዩ ልጆች በ7 ዓመታቸው የትኩረት ችግር በዝቶ እንደታየባቸው አግኝቷል። ያ ግን አብሮ መታየት ነው፤ መንስኤውን አያረጋግጥም። መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ገና ከጅምሩ ቲቪ ፊት ይበልጥ ሊቀመጥ ይችላል፣ ለወላጅ ፋታ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ።

የሁለት ልጆች አባት

የመጨረሻ ጥያቄ። አያታቸው አብረው ይኖራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ድራማቸውን ያያሉ። እሳቸውን ዝጉ ማለት አይቻልም።

የንግግር ሕክምና

አይገባምም። ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ለእሳቸው ግዙላቸው፤ ድምፁ ከክፍሉ ከወጣ ትልቁ ችግር ተፈታ። ከመግዛትህ በፊት ቲቪው ብሉቱዝ እንዳለው እይ፤ ከሌለው በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው የሚሰካ ማሰራጫ ያለው ዓይነት አለ። የሕፃኗን ምንጣፍ ጀርባዋ ወደ ስክሪኑ፣ ፊቷ ወደ አያቷ እንዲሆን አዙሩት። ማስታወቂያ ሲመጣ ማዳመጫውን አውልቀው ቢያጫውቷት ደግሞ ከማናችንም የበለጠ የሚያወሩላት እሳቸው ናቸው።