የሊን ኮንክሪት ኪዩቦቻችን ጥንካሬ አነሰ፤ ሲሚንቶ እንጨምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከኮንክሪት የመንገድ ንጣፍ ሥር የሚውል 150 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው አነስተኛ የሆነ ኮንክሪት) ቤዝ፣ ማለትም የመሠረት ንብርብር፣ እየሠራን ነው። በሜትር ኩብ 150 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ እንጠቀማለን። የሥራ ዝርዝሩ በ7 ቀን የአምስት ኪዩቦች (በሞልድ፣ ማለትም በቅርጽ ማውጫ፣ የሚሠሩ የመፈተሻ ናሙናዎች) አማካይ ጥንካሬ 10 ሜጋፓስካል እንዲደርስና ማንኛውም ኪዩብ ከ7.5 እንዳይወርድ ያዛል፤ የእኛ ግን ከ4 እስከ 6 እየዋዠቀ ነው። ባለ 150 ሚሊ ሜትር ሞልዶቹን እንደ ተለመደው ኮንክሪት በብረት ዘንግ እየወጋን ሞላናቸው። ጎናቸው ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ክብደታቸውም 7.4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሲሚንቶ እንድንጨምር አሳስበዋል። ተገቢ ነው?

መልስ 1፦ ሲሚንቶውን ከመንካታችሁ በፊት የጻፉትን ክብደት እንመርምር። የኪዩቡ ይዘት 0.003375 ሜትር ኩብ ስለሆነ እፍግታው በሜትር ኩብ 2190 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በተለመደ ጠጠር የተሠራና በሚገባ የተጠቀጠቀ ኪዩብ ግን ወደ 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የጎደለው ቦታ በአየር የተያዘ ነው፤ 5 በመቶ አየር ብቻ እንኳ የኮንክሪትን ጥንካሬ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሊን ኮንክሪት ስላምፑ (ገና ሳይጠነክር ቅርጽ ማውጫው ሲነሳለት ዝቅ የሚልበት መጠን) ዜሮ የሆነ ደረቅ ድብልቅ በመሆኑ ዘንጉ ቀዳዳ ይተውበታል እንጂ አይጠቀጥቀውም። ሞልዱን በሦስት ንብርብር እየሞላችሁ እያንዳንዱን ንብርብር፣ አራት ማዕዘን እግር በተገጠመለት የሚርገበገብ መዶሻ ጠቅጥቁ።

መልስ 2፦ እርጥበቱንም ፈትሹ። ከ5 እስከ 7 በመቶ ባለው ክልል በግማሽ በመቶ ልዩነት ሙከራ አድርጋችሁ ከፍተኛውን እፍግታ የሚሰጠውን ምረጡ። በሥራ ቦታ ድብልቁ ከሮለሩ ጋር ከተጣበቀ ውሃው በዝቷል፤ ገጹ ከተበተነ ደግሞ አንሷል።

መልስ 3፦ በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ነገር ግን በመዶሻ የተጠቀጠቀ ኪዩብ የሚነግረን ድብልቁ ምን ሊደርስ እንደሚችል እንጂ መንገዱ ላይ ምን እንደደረሰ አይደለም። ስለዚህ ሮለሩ እንዳለፈ፣ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በአሸዋ መተኪያ ዘዴ (የወጣውን ኮንክሪት መዝኖ የጉድጓዱን ይዘት በሚሞላው አሸዋ በማወቅ) እፍግታውን ለኩ፤ ጉድጓዱም እስከ ንብርብሩ ሥር ይድረስ፤ ምክንያቱም ደካማው ክፍል ብዙውን ጊዜ ከታች ያለው ነው። ሲሚንቶ መጨመርን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቤዙ ከሚፈለገው በላይ ሲጠነክር በመኮማተሩ የሚፈጠሩት ስንጥቆች ሰፊ ይሆናሉ፤ ከላይ ያለው ንጣፍ ከቤዙ ጋር ከተጣበቀም ስንጥቁ ወደ ላይ ይሻገራል። እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ስስ ፕላስቲክ መነጠፉን አረጋግጡ።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። የሲሚንቶውን መጠን ሳንለውጥ በመዶሻ የጠቀጠቅናቸው አምስት ኪዩቦች እያንዳንዳቸው ከ8 ኪሎ ግራም ጥቂት ያነሰ መዘኑ፤ የ7 ቀን አማካያቸውም 11 ሜጋፓስካል ሆነ። ነገ የመንገዱን እፍግታ መለካት እንጀምራለን።