ሙሉኪያ በመተሐራ ሙቀት፦ ዘሩ ለምን አልበቀለልኝም?

ጥያቄ፦ ከመተሐራ

ጤና ይስጥልኝ። ቤይሩት ውስጥ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ከተመለስኩ በኋላ ኑሮዬን በመተሐራ አድርጌአለሁ። ጓሮዬ ሰፋ ያለ ነው፤ የአዋሽ ውኃ በቦይ ተራ ስለሚደርሰን ቃሪያና ቲማቲም እተክላለሁ። የሚያስቸግረኝ ቅጠላ ቅጠል ነው። ጎመን ከየካቲት ወዲያ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ይመራል፣ ክሽክሽም ይወረዋል፤ ቆስጣውም በቀትር ፀሐይ ጠውልጎ ይውላል።

በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሙሉኪያ የሚባለው ለወጥ የሚሆን ቅጠል ነው። ቤይሩት ሳለሁ አሠሪዬ ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ ሙሉኪያውን በትልልቅ እስር ታስመጣና ሦስት አራት ሴቶች ሆነን ቅጠሉን ከግንዱ ስንለቅም እንውል ነበር፤ ከፊሉን ያን ዕለት እናበስለዋለን፣ የቀረውን በአንሶላ ላይ ዘርግተን ለብርዱ ወራት እናደርቀዋለን። እዚያ እሳት በመሰለ ፀሐይ የሚለመልም ቅጠል እዚህ የማይበቅልበት ምክንያት አልታየኝምና ስመለስ ጥቂት ዘር በሻንጣዬ ይዤ መጣሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ ቲማቲም ከተነሣበት መደብ ላይ ዘራሁት። ከአሥሩ አንዱ እንኳ የበቀለ አይመስለኝም፤ የበቀለውም ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ አበባ አውጥቶ በዚያው ቆመ። ዘሩ አርጅቶ ይሆን ወይስ እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ? ጎረቤቴ ደግሞ በበቆሎ ማሳ ዳር ይህንኑ የመሰለ ቅጠል በክረምት እንደሚበቅል ነገረችኝ፤ የሚበላ መሆኑን በምን ለይቼ ልወቅ? በመጨረሻም፣ ያገኘሁትን ጥቂት ቅጠል እንደ ጎመን ከትፌ፣ በደንብ ቀቅዬ ለልጆቼ ባቀርብላቸው ዝልግልግ ሆኖባቸው አልበሉልኝም። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ በቆላ አትክልት ልማት የሠራሁ ባለሙያ

እህቴ፣ እንደ ገለጹት ከሆነ ዘሩ አርጅቷል ለማለት አልደፍርም። የሙሉኪያ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ በመሆኑ ውኃ በቀላሉ አያስገባም፤ ስለዚህ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሳይበቅል ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ዘሩን በስስ ጨርቅ ይቋጥሩ፤ ውኃ አፍልተው ከእሳት ካወረዱት በኋላ ቋጠሮውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ነክረው ያውጡና ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ያብርዱት፤ ከዚያም በጥላ ዘርግተው አድርቀው ይዝሩት። ከዚያ ካስበለጡት ዘሩ ይቀቀላል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂቱን ብቻ ነክረው ቢሞክሩ ይሻላል።

ከዘሩ ይልቅ የጎዳዎት ግን ወቅቱ ይመስለኛል። ይህ ተክል ሙቀት ወዳድ ነው ሲባል የቀኑን ሙቀት ብቻ ማለት አይደለም፤ አፈሩም ሌሊቱም ሊሞቁለት ይገባል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት በፍጥነት ያድጋል፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ባለበት ይቆማል። መተሐራ በቀን የቱንም ያህል ብትሞቅ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት እንደሚቀዘቅዝ እርስዎም ያውቁታል። በዚህ ላይ ሙሉኪያ የቀኑን ርዝመት የሚለይ ተክል ነው፤ ብርሃኑ ከ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያንስ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ወደ አበባና ወደ ፍሬ ይቸኩላል። ቤይሩት በሰኔ ከ14 ሰዓት በላይ ብርሃን ታገኛለች። በእኛ አገር ግን ረጅሙ የሰኔ ቀን እንኳ ከ12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ያ ስንዝር ሳይሞላ ያበበው ችግኝ ከዘራችሁበት ወር የተነሣ የሚጠበቅበትን ነው ያደረገው። መስኖ ካለዎት ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይዝሩ፤ በሃያ ሃያ ቀን ልዩነት ጥቂት ጥቂቱን ቢዘሩም እርጥብ ቅጠል ሳይቋረጥ ያገኛሉ።

ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ 500 ያህል ፍሬ ይገኛል። ስለዚህ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው በመስመር ይበትኑት፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የበለጠ አፈርም አይጫኑበት። በመስመሮቹ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ ሲበቅል በችግኞቹ መካከል አንድ ጋት ያህል እንዲቀር ያሳሱት፤ የተነቀለውም ለወጥ ይሆናል። ከ40 እስከ 50 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ከመሬት አንድ ስንዝር ትተው ይቁረጡት። ከተቆረጠው በታች የጎን ቅርንጫፎች ያወጣል፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱም እንደገና ይቆረጣል። ብዙ ሰው ሳይቆርጥ ዝም ብሎ ያሳድገውና ግንዱ እንጨት ሲሆን ሰብሉን ይወቅሳል፤ ሳይዘገዩ መቁረጥ እንደ ማጠጣቱ ያህል ዋና ሥራ ነው።

ሌላው ያሳሰበኝ ቲማቲም በተነሣበት መደብ ላይ መዝራትዎ ነው። ሥር አሳባጭ ነማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ ትል ቲማቲምን፣ ቃሪያንና ሙሉኪያን ሦስቱንም ያጠቃል። የቀሩትን ችግኞች ነቅለው ሥራቸውን ይመልከቱ፤ እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ ካለበት መደቡን ይቀይሩ፤ ማሽላ የነበረበት ቦታ የተሻለ ነው። የውኃውንም ነገር ልብ ይበሉ። የአዋሽ ውኃ ደህና ነው፤ ነገር ግን የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ በመምጣቱ በአካባቢው ጨዋማነት የገባበት መሬት አለ። መደቡ ሲደርቅ በላዩ ነጭ ቅርፊት የሚታይ ከሆነ ከመዝራትዎ በፊት በብዙ ውኃ ያጥቡት፣ ፍግም ይጨምሩበት።

መልስ፦ ከአሶሳ

እኅታችን ከቤይሩት በሻንጣ ያመጡት ቅጠል በእኛ ዘንድ የታወቀ መሆኑን ስነግርዎ ደስ ይለኛል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኩድራ እንለዋለን፤ ሱዳኖችም ይህንኑ ተክል ኹድራ ይሉታል። ክረምት ሲገባ በጓሮም በማሳ ዳርም ይበቅላል፤ ሴቶች በእስር በእስር አድርገው ገበያ ያወጡታል፤ በቤታችንም ከማሽላ ገንፎ ጋር ይበላል። ብዙ የደጋ ሰው ግን ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም፤ በቆላ የሚበላውን ሁሉ አረም ነው ብሎ ማለፍ የቆየ ልማድ ሆኖ ያሳዝነኛል።

ስለ መለያው እነሆ። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ የተከረከረ ነው፤ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግራና ቀኝ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ጭራዎች ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። እነዚህን ሁለት ጭራዎች ካላዩ አይልቀሙት። አበባው ትንሽና ቢጫ ነው፤ ፍሬው ሸንተረር ያለው፣ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ባሚያን በጣም አቅጥነው ያሳነሱት የሚመስል ነው። ግንዱን ሲልጡት ልጡ በረጅሙ ይላጣል፤ ይህም አያስገርምም፣ ጆንያ የሚሠራበት የጁት ቃጫ በባንግላዴሽና በህንድ የሚገኘው ከዚሁ ተክልና ከቅርብ ዘመዱ ነውና። ጭራ ያላቸው የዱር ዘመዶቹም አሉ፤ ቅጠላቸው ግን አነስ ያለ ነው።

ከበቆሎ ማሳ ዳር ከመልቀምዎ በፊት ባለማሳውን ይጠይቁ። ቱፎርዲ ወይም ሌላ ፀረ አረም ከተረጨበት ተክሉ ትክክለኛ ቢሆንም ለምግብ አይሆንም። ከዚያ ይልቅ በክረምቱ መጨረሻ ከዚያው ዘሩን ቢሰበስቡ የሚሻል ይመስለኛል፤ በአገራችን ቀንና ሌሊት የኖረ ዘር ስለሆነ ከሩቅ ከመጣው ይልቅ ሊስማማዎት ይችላል።

መልስ፦ ካይሮና ጅዳ የኖርኩ፣ አሁን አዳማ

እህት ዓለም፣ ልጆችሽ እምቢ ያሉት ከቅጠሉ ጠባይ ይልቅ ከአሠራሩ ይመስለኛል። እንደ ጎመን መክተፍሽና ለረጅም ጊዜ መቀቀልሽ ነው ያዝለገለገው። ሙሉኪያ በውስጡ እንደ ተልባ ያለ ልጋግ አለው፤ በከተፍሽው ቁጥር ይወጣል። ግብፆች እያወቁ አልመው ይከትፉታል፤ በእነርሱ ዘንድ ወፍራም መረቅ መሆኑ ነው የሚወደደው። ሊባኖሶች ግን ቅጠሉን ሙሉውን እንደሆነ ያበስሉታል፤ አንቺም ቤይሩት ያየሽው ይህንኑ ነው።

እኔ በቤቴ እንዲህ አደርገዋለሁ። ቅጠሉን ከዘንጉ ለቅሜ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ውኃው እስኪጠፋ ዘርግቼ አቆየዋለሁ፤ እርጥብ ሳለ ድስት ከገባ መዝለግለጉ አይቀርም። ከዚያ ዘይት አግዬ ቅጠሉን ሙሉውን ለጥቂት ደቂቃ አገላብጠዋለሁ። በሌላ ድስት የዶሮ ወይም የሥጋ መረቅ ሲፈላ ቅጠሉን ጨምሬ ክዳን ሳልከድን አበስላለሁ። ብዙ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ከድንብላል ጋር በቅቤ አቁላልቼ እላዩ ላይ እደፋበታለሁ፤ ከእሳት ሳወርደው ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ሎሚው ዝልግልግነቱን በግልጽ ይቀንሰዋል። ከሩዝ ጋር ይቀርባል፤ በእንጀራ ግን ያላነሰ ይጣፍጣል፣ በቆንጆ ሁኔታ ነው የሚጠቀለለው።

በጾም ደግሞ መረቁን ትቼ በቀይ ሽንኩርትና በቲማቲም ቁሌት እሠራዋለሁ፤ ያኔ ቅቤውን በዘይት እተካለሁ። የደረቀውን ቅጠል በእጄ አድቅቄ ከሽሮ ላይ ጣል ማድረግም ልማዴ ሆኗል፤ ሽሮው ይወፍራል፣ ልጆችም አይለዩትም። በካይሮ ስኖር እንደነገሩኝ፣ ከ996 እስከ 1021 እ.ኤ.አ. የገዛው የፋጢማውያን ኸሊፋ አል ሐኪም ሙሉኪያ እንዳይበላ አዋጅ አውጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቅጠሉን አልተወም።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀሩትን ችግኞች ዛሬ ጠዋት ነቅዬ አየሁ፤ በሁለቱ ሥር ላይ በእርግጥም እንደ ዶቃ ያለ እባጭ አለ። ስለዚህ ማሽላ የተነሣበትን የጓሮዬን ጫፍ አዘጋጃለሁ፤ የቀረውን ዘር ደግሞ በፈላ ውኃ ነክሬ መጋቢት ሲያልቅ እዘራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ዘር ለማስቀረት ስንት ተክል ልተው? ፍሬውስ ለዶሮዎቼ ይሆናል?

መልስ፦ በቆላ አትክልት ልማት የሠራሁ ባለሙያ

ለዘር የሚሆኑትን ከመጀመሪያው ሳይቆረጡ ለብቻ ይተዉአቸው፤ ለአንድ ቤት ስድስት ወይም ስምንት ጠንካራ ተክል ከበቂ በላይ ነው። ዘግይተው የሚያብቡትን ይምረጡ፤ ቶሎ ከሚያብበው ላይ ዘር ከወሰዱ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ቶሎ የሚያብብ ይበዛብዎታል። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሊፈነዳ ሲል ይልቀሙትና በወረቀት ከረጢት ያድርቁት።

ለዶሮ ግን ፈጽሞ አይስጡ። ቅጠሉ የታወቀ ምግብ ቢሆንም ዘሩ ልብን የሚጎዳ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ ዘሩን ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ፍሬ ያንዠረገገውን ግንድም ለፍየል አይጣሉ። ለወጥ ሲለቅሙም ፍሬ የያዘውን ጫፍ ቀጥፈው ያስወግዱት።