ባላራት ወይስ ቤንዲጎ? ከሜልበርን ወጣ ብሎ የወርቅ ከተማ ማየት ለፈለገ ጥቆማ

ከአገር ቤት እንግዳ የመጣለት ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል። "የድሮ የወርቅ ከተማ ላሳያቸው ነበር፤ የት ልውሰዳቸው?" መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሶቨረን ሂል፣ ባላራት ውስጥ የድሮውን የወርቅ ከተማ አስመስለው የሠሩት ቦታ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ሶቨረን ሂል ጥሩ ቦታ ነው። ግን ብዙ ሰው ባላራት ድረስ ነድቶ፣ ሶቨረን ሂል በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እውነተኛው ከተማ እዚያው ቆሞ፣ ያውም በነጻ እየታየ፣ ሳያየው።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ልጆች ካሏችሁ ሶቨረን ሂል። አዋቂዎች ብቻ ከሆናችሁና መራመድ የማይከብዳችሁ ከሆነ የባላራት መሃል ከተማና የወርቅ ቆፋሪዎቹን አመፅ የሚተርከው ዩሬካ ማዕከል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ያለ ጥርጥር ቤንዲጎ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መጓጓዣ። መኪና ከሌላችሁ አትጨነቁ። የባላራትም የቤንዲጎም ባቡር ሜልበርን መሃል ካለው ሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ ይነሳል፤ ፉትስክሬይ ላይም የሚቆሙ አሉ፣ ስለዚህ ለብዙዎቻችን ከቤት ደጃፍ እንደመሳፈር ነው። ባላራት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቤንዲጎ ሁለት ሰዓት ገደማ። የከተማው ባቡርና ትራም የምትከፍሉበት ማይኪ ካርዳችሁ ይሠራል። ደግሞ ከ2023 ወዲህ የክፍለ አገር ባቡር የቀን ሒሳብ ጣሪያ ከሜልበርን ከተማ ጋር እኩል ሆኗል። ይህን ሳያውቅ አሁንም ለቤንዚን የሚከፍል ሰው አለ።

ባላራት ስትወርዱ ጣቢያው ራሱ ሊዲያርድ ጎዳና ላይ ነው። ወርቅ እዚህ የተገኘው በ1851 ነው፤ መጀመሪያ ድንኳን ብቻ ነበር። ከዚያ ገንዘቡ ሲከማች ከተማዋ በድንጋይ ተሠራች። በሊዲያርድ ወደ ስተርት ጎዳና ስትሄዱና እሱንም ስትሻገሩ የማዕድን አክሲዮን ይሸጥበት የነበረው ማይኒንግ ኤክስቼንጅ፣ የሥዕል ጋለሪው፣ በ1895 ማርክ ትዌይን ያደረበት ክሬግስ ሆቴል፣ በ1875 የተከፈተውና እስካሁን ትያትር የሚታይበት ሐር ማጀስቲስ፣ ሁሉም በጥቂት ደቂቃ መንገድ ውስጥ ናቸው። ቀና ብላችሁ ሂዱ። ከታች ያለው የስልክ ሱቅና ካፌ የትም ያለ ነው፤ የሚታየው ከበረንዳው በላይ ያለው ነው። ጋለሪው በ1884 የተመሠረተ ነው፤ ከሜልበርን ውጭ ላለ ከተማ የሚገርም ስብስብ አለው። ቋሚ ስብስቡን ማየት በነጻ ነው። ብርድ ሲመታችሁ መሞቂያም ይሆናል።

ለዚህ መንገድ አስጎብኚ ልቅጠር ወይ ለሚል፣ አያስፈልግም። ካርታ ከቱሪስት መረጃ ቢሮ ውሰዱ፣ በየሕንጻው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ በቃ። ገንዘባችሁን ለሌላ አስቀምጡት።

ያ ሌላው ዩሬካ ማዕከል ነው። ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል በእግር ካልሆነ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ሂዱ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ የእኛ ሰው ታሪኩን አያውቀውም። ወርቅ ቆፋሪው ወርቅ አገኘም አላገኘም ለቁፋሮ ፈቃድ በወር 30 ሺሊንግ ይከፍል ነበር። ፖሊስ እየዞረ ወረቀት አሳይ ይላል፤ የሌለው ይታሰራል። ድምፅ የመስጠት መብት ደግሞ የለም። በኖቬምበር 1854 መጨረሻ ቆፋሪዎቹ ፈቃዳቸውን አቃጠሉ፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስቀልና ኮከቦች ያሉበትን ባንዲራ ሰቀሉ፣ በእንጨት አጥር ነገር መሸጉ። እሑድ ዲሴምበር 3 ገና ጎህ ሲቀድ ወታደር መጣባቸው። ውጊያው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ከቆፋሪዎቹ ቢያንስ 22 ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚገርመው። 13 ሰዎች በአገር ክህደት ተከሰሱ። መጀመሪያ ለፍርድ የቀረበው ጆን ጆሴፍ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከሕዝቡ የተመረጡ የሜልበርን ፈራጆች (ጁሪ) ጥፋተኛ አይደለም አሉ፤ ሕዝቡም ተሸክሞት በከተማው ዞረ። ሌሎቹም ተራ በተራ በነጻ ተለቀቁ። የወር ፈቃዱ ቀርቶ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት፣ ድምፅም የሚያሰጥ ሌላ ፈቃድ መጣ። መሪያቸው ፒተር ላሎር በውጊያው ክንዱን አጥቶ ከዓመት በኋላ ሸንጎ ገባ፣ ኋላም አፈ ጉባኤ ሆነ። ሐውልቱ ስተርት ጎዳና ላይ ቆሟል። የባንዲራው ቅሪት ማዕከሉ ውስጥ ደብዘዝ ባለ መብራት ይታያል። ጫፍ ጫፉ የለም፤ ሰው ለማስታወሻ እየቀደደ ወስዶታል። መግቢያው ከሶቨረን ሂል ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። አገር ቤት በፖለቲካ ያለፈ አባት ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ እዚህ ቦታ ሰዓት ስጡት። አይወጣም።

ሶቨረን ሂል። በ1970 የተከፈተ፣ የ1850ዎቹን ከተማ አስመስሎ የተሠራ ትልቅ ቦታ ነው። ሠራተኞቹ በዘመኑ ልብስ ይዞራሉ፣ ቀይ ለባሽ ወታደሮች ጠመንጃ ይተኩሳሉ፣ ከረሜላ ዓይናችሁ እያየ ይሠራል፣ ወርቅ ቀልጦ ሲፈስ ይታያል። ልጆች የሚያብዱት ግን ጅረቱ ጋ ነው። ሳህን ይዛችሁ አሸዋውን ታጥባላችሁ፤ የቀራችሁን ብናኝ ወርቅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሻኪሶ ወይም ቤኒሻንጉል ወርቅ ሲታጠብ ያየ ሰው ይስቅ ይሆናል፣ ምክንያቱም ወርቁን ጅረቱ ውስጥ የሚጨምሩት ራሳቸው ናቸው። ልጆቹ ግን ግድ የላቸውም። ሬድ ሂል የሚባለው ከመሬት በታች ያለው ጉብኝት እንዳያመልጣችሁ፤ በ1858 ባላራት ውስጥ ስለተገኘው 69 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ ወጥ ወርቅ ነው የሚተርከው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ ውድ ነው። ለመላው ቤተሰብ ሲደመር ኪስ ይጎዳል፣ ስለዚህ ጠዋት በሩ ሲከፈት ካልገባችሁ አያዋጣም። ሁለተኛ ዳገት ነው፣ መንገዱም አስፋልት አይደለም። የልጅ ጋሪ ይገፋል፣ ግን ላብ አለው። የሚከፈትበትን ቀን አይታችሁ ሂዱ፤ ሳምንቱን ሙሉ የማይሠሩበት ወቅት አለ።

አሁን ቤንዲጎ። እዚህ ለእንግዳ የሚመቸው ነገር ትራሙ ነው። አሮጌ የቱሪስት ትራም ከሴንትራል ዲቦራ የወርቅ ማዕድን ተነስቶ፣ በመሃል ከተማ በፖል ሞል በኩል አልፎ፣ በስተሰሜን ያለው የቻይናዎች ቤተ ጸሎት ድረስ ይሄዳል። በመንገድ ላይ ታሪኩ በድምፅ ይተረካል። የፈለጋችሁበት ወርዳችሁ በሚቀጥለው መሳፈር ትችላላችሁ። እናት ቁጭ ብለው ከተማውን ያያሉ፤ ወጣቱ ይወርድና ይዞራል።

ሴንትራል ዲቦራ አስመስሎ የተሠራ አይደለም። ከ1939 እስከ 1954 የሠራ እውነተኛ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 412 ሜትር፣ የወጣለት ወርቅ አንድ ቶን ገደማ። ለጎብኚ ቀላሉ ጉዞ 61 ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ የሚወርዱም አሉ። ሄልሜት አድርጋችሁ በሊፍት ነው የምትወርዱት። የተዘጋ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ላይ ይቅር፣ አታደፋፍሩት። ቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

ከማዕድኑ ቀጥሎ የቻይናውያኑን ታሪክ የሚያሳየው ጎልደን ድራጎን ሙዚየም። ለእኛ ለስደተኞች ብዙ የሚናገር ታሪክ አለበት። በ1855 ቪክቶሪያ ወደብ ላይ በሚወርድ ቻይናዊ ሁሉ 10 ፓውንድ ቀረጥ ተጣለ። እነሱ ምን አደረጉ? ጎረቤት ደቡብ አውስትራሊያ ሮብ ላይ ወርደው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ገቡ። ዛሬ የቤንዲጎ የፋሲካ ሰልፍ ያለ እነሱ ዘንዶ አይታሰብም። በነገራችን ላይ የፈረንጅ ፋሲካ ብዙ ጊዜ እኛ ጾም ላይ እያለን ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ስንቅ ቋጥሩ። በዚያ ቀን ሰዉ ስለሚበዛ ባቡርም አስቀድማችሁ አስቡበት።

ቤተ ክርስቲያን ማየት ለሚወዱ ሴክረድ ሃርት ካቴድራል ከመሃል ከተማ በእግር ይደረሳል። ግንባታው በ1897 ተጀምሮ ያለቀው በ1977 ነው። እናቴ "እንኳን የእኛ ሰበካ ጉባኤ ብቻ አይደለም የሚያዘገየው" ብላ ነው የወጣችው።

ሦስተኛ ምርጫ ማልደን ነው፣ ለብቻው ጥቆማ የሚገባው። ትንሽ ናት፣ ዋናው ጎዳናዋ እንዳለ ነው፣ ሰውም አይበዛም። ካስልሜይን ከምትባል ከተማ የድሮ የእንፋሎት ባቡር ይወስዳችኋል፣ ግን በየቀኑ አይሄድም። ለጥንዶች እሷን ነው የምመክረው።

ምግብ፦ ሁለቱም ከተማ ካፌ ሞልቷል፣ የጾም ግን ረቡዕና ዓርብ ከሄዳችሁ ከቤት ያዙ፤ ስተርት ጎዳና መሃል ያለው አትክልት ቦታ ለመቀመጥ ይመቻል። ጃኬት፦ የባላራት ብርድ ከሜልበርን ይብሳል፣ ክረምት ላይ ጋቢ ቢያዝም አይበዛም። ስጦታ መግዛት የፈለገ ቤንዲጎ ፖተሪ ይሂድ፤ ከ1858 ጀምሮ ሸክላ የሚሠራ ቤት ነው፣ ከመሃል ከተማ ወጣ ይላል። ኩባያዎቹ ለቡና ትልቅ ናቸው፣ ለሻይ ግን ይሆናሉ።