ገዳይዋ ለተመልካች የምትታወቅበት የቴሌቪዥን ፊልም፦ ታሪኩን ወደ ደሴ ማምጣት ይቻላል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ) ጠየቀ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ስሆን ለተማሪዎች የድራማ ክበብም ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። አሁን የጀመርሁት ለቴሌቪዥን የሚሆን የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ነው። በደሴ ሸዋ በር ሰፈር አብረው ያደጉ ሦስት ሴት ተማሪዎች አሉ፤ አንደኛዋ በቅናትና በኀፍረት ተገፋፍታ ሁለተኛዋን ትገድላለች፤ ሦስተኛዋ ይህን እያወቀች ዝም ትላለች።

መነሻ የሆነኝ ኤን ቢ ሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳየው፣ በኋላ «ዴዝ ኦቭ ኤ ቺርሊደር» በሚል ርእስ የታወቀው ፊልም ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1984 በካሊፎርኒያ አንዲት ተማሪ ሌላዋን በገደለችበት እውነተኛ ወንጀል ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ አድራጊዋን ተመልካቹ ያውቃታል፤ ፖሊስ ግን አያውቃትም። ምሥጢሩ ለእኛ ተገልጦ ሳለ ፊልሙ እስከ መጨረሻው እንዴት ሊይዘን ቻለ? ደግሞስ የሀብታሞች መንደርና በስፖርት ጨዋታ ላይ በጭፈራ የሚደግፉ ልጃገረዶች (ቺርሊደር) ቡድን በሌለበት በእኛ ከተማ ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ምንድን ነው?

ከካሜራ ጀርባ (ኮምቦልቻ) መለሰ፦

መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ ሲወገድ «መቼ ይታወቅባት ይሆን?» የሚለው ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የማይመስለው ነገር ሁሉ ያስጨንቃል። መምህሩ ስም ሲጠራ፣ እናት የልጇን ልብስ ለማጠብ ስታነሣ፣ በር ሲንኳኳ ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል። እርስዎ በጠቀሱት እውነተኛ ጉዳይ ልጅቷ የተያዘችው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ትማር፣ ከሰው ጋር ትውል ነበር። የፊልሙ ሀብት ይህ ስድስት ወር እንጂ የግድያው ሌሊት አይደለም። ስለዚህ የግድያውን ትዕይንት ቢያሳጥሩት እመክራለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ከቴሌቪዥን ጠባይ የሚመነጭ ነው። ኤ ቢ ሲ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1969 በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ማሳየት ሲጀምር ለአንዱ ፊልም የተመደበው 90 ደቂቃ ነበር፤ ማስታወቂያው ሲቀነስ ለታሪኩ የሚተርፈው ከ75 ደቂቃ ገደማ አይበልጥም። ጸሐፊው በየማስታወቂያው ዋዜማ ሰው ጣቢያ እንዳይቀይር የሚያደርግ ነገር ማስቀመጥ ነበረበት፤ ዘግይቶ ቴሌቪዥኑን የከፈተ ሰውም ታሪኩን መከተል መቻል አለበት። ገዳዩን አስሶ የማግኘት ታሪክ ከመጀመሪያው ፍንጭ ላይ የቆመ በመሆኑ አሥር ደቂቃ ያመለጠውን ሰው ያደናግረዋል፤ ጥፋተኛዋ የታወቀችበት ታሪክ ግን በአንድ ጭንቀት የተያዘ ፊት በማሳየት ብቻ ያስገባዋል። (አንዳንድ አዘጋጆች ከማስታወቂያ መልስ ያለፈውን ትዕይንት ይደግሙታል፤ ይህን ልማድ እባክዎ አይውሰዱት።) ወጪውም ቀላል ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ቤት፣ አንድ መንገድ ካገኙ ይበቃዎታል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ የሚተርፈው የምክንያቱ ማነስ ነው። ልጅቷ የገደለችው ልትጠጋቸው የፈለገቻቸው ልጆች ስላልተቀበሏት ነው፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። በደሴ ይህን የሚተካው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይመስለኛል፤ ስለዚህ ተማሪዎቹን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያድርጓቸው። አብረው ያጠኑ ጓደኛሞች አንዷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሌላዋ ቤት የምትቀርበት ፍርሃት፣ ለዚያም የተደበቀ ማስታወሻ ወይም የተነገረ ውሸት፣ ከማንኛውም የቡድን ምርጫ የበለጠ ለእኛ ተመልካች ይገባዋል።

የሐይቋ (ሐይቅ) መለሰች፦

ወንድሜ መምህር፣ ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ ሆኖም በእኛ አገር ስድስት ወር ቀርቶ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንዴት እንደምታልፋቸው ማሰብ ይቀድማል። የሟች ቤተሰብ ቅሬ (ዕድር) ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤቱ በሙሉ ይሰበሰባል፤ የሰፈር ልጃገረዶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። ገዳይዋ የሟች የቅርብ ጓደኛ ናትና መቅረት አትችልም፤ ብትቀር መጀመሪያ የምትጠየቀው እርሷ ትሆናለች። ስለዚህ ለሟች እናት ሲኒ ትሰጣለች፤ እናትየዋም «አንቺ ነሽ የቀረሽልኝ» ብላ ታቅፋታለች። ይህን ትዕይንት በሚገባ ከጻፉት የፖሊስ መኪና ማሳየት ላያስፈልግዎ ይችላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከቤተሰቦቹ አንዱን ሙስሊም ሌላውን ክርስቲያን ካደረጓቸው ግድያውን ከዚያ ጋር አያገናኙት። በወሎ በአንድ ዘር ሐረግ ውስጥ ሁለቱም እምነቶች ሲገኙ የሚደነቅ የለም፤ ሁለቱም ለቅሶ ይደራረሳሉ፤ ያንን ወደ ጠብ ምክንያት ቢለውጡት ታሪኩ ከቅናት ወጥቶ ሌላ ነገር ይሆንብዎታል። ለፍጻሜው ግን ሽማግሌዎችንና ደም ማድረቅን (የገዳይና የሟች ቤተሰብ ዕርቅን) ቢያስገቡ ደስ ይለኛል። አበጋሮች፣ ማለትም የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ሲቀመጡ ሦስተኛዋ ልጅ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አትችልም።

ችሎት ለማኝ (ወልድያ) መለሰ፦

በሙያዬ ጠበቃ ነኝ፤ የውጭ ፊልሞችን የፍርድ ቤት ትዕይንት እንዳለ ወደ አማርኛ ድራማ መገልበጥ በጣም ስለሚያስቸግረኝ ጥቂት ልበል። እርቁ ቢፈጸም እንኳ የግድያ ክስ አይቀርም፤ ሽማግሌ የሚከላከለው የበቀልን ደም እንጂ የመንግሥትን ክስ አይደለም። ስለዚህ የሐይቋ እህታችን ያሉት ትዕይንት ከችሎቱ ጎን ለጎን ቢሄድ እንጂ ቢተካው ትክክል አይሆንም።

የልጅቷን ዕድሜ ደግሞ ጽሑፉን ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ፤ ምክንያቱም በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለውን ወጣት አጥፊ ብሎ በልዩ እርምጃዎች ይይዘዋል፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለውን ግን በመደበኛው ሕግ እየዳኘ ቅጣቱን ለማቅለል ለዳኛው ሥልጣን ይሰጣል፤ ወንጀሉን ሲፈጽም አሥራ ስምንት ዓመት ባልሞላው ላይም የሞት ቅጣት አይወሰንም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣት አጥፊ ጉዳይ የሚሰማው በዝግ ስለሆነ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሰው በተሞላ አዳራሽ ቆማ ስታለቅስ ካሳዩ የሕግ ሰው ሁሉ ይስቅብዎታል።

ዝም ያለችው ሦስተኛዋ ልጅ ደግሞ የእኔን ትኩረት ይበልጥ ስባለች። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ወንጀልን ያለማስታወቅን የሚቀጣው ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ በሆነ ጊዜ ነው። ስለዚህ ግድያው በአንቀጽ 539 መሠረት ከባድ ከሆነ የልጅቷ ዝምታ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ በአንቀጽ 540 መሠረት ተራ ግድያ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እሥራት በመሆኑ ያ ድንጋጌ አይደርስባትም። መርማሪው ይህን ለልጅቷ ሲያስረዳት፣ ጓደኛዋ ግድያውን አስባበት ይሁን በድንገት እርሷ ብቻ የምታውቅ ከሆነ፣ በሁለቱ ጓደኛሞች መካከል ያለው ክህደት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አቅጣጫውን ይቀይራል።

ከካሜራ ጀርባ (ኮምቦልቻ) በድጋሚ፦

የጠበቃው ሐሳብ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላይፍታይም የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ያንኑ ታሪክ ዳግም ሲሠራው፣ በ1994ቱ ገዳይዋን የተጫወተችው ኬሊ ማርቲን መርማሪዋን ሆና ቀርባለች። እርስዎም ታሪኩን በገዳይዋም በመርማሪውም ዓይን ከማሳየት ይልቅ በሦስተኛዋ ልጅ ዓይን ቢተርኩት የተለየ ሥራ ይወጣዎታል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተማሪዎቹን ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አሳድጌ የገዳይዋን ዕድሜ አሥራ ሰባት አድርጌዋለሁ፤ ታሪኩንም በሦስተኛዋ ልጅ ዓይን እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ። ጠበቃውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መርማሪው የአሥራ ሰባት ዓመት ምስክር ሲያነጋግር ወላጅ አብሮ መቀመጥ አለበት? የሐይቋ እህቴ ደግሞ የሙስሊም ቤተሰብ ለቅሶ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥርዓት በዝርዝር ቢጽፉልኝ፣ የድንኳኑን ትዕይንት በዚያ መሠረት አስተካክለዋለሁ።