ኮር አይ7 4ኛ ጀነሬሽን ወይስ አይ5 8ኛ ጀነሬሽን? ዋጋቸው እኩል ነው

ሒሳብ_ያዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ብዬ ሁለት አግኝቻለሁ ሁለቱም 8 ጂቢ ራም ናቸው ዋጋቸውም ያው ነው። አንዱ አይ7 4600ዩ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው አይ5 8250ዩ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ። ሻጩ አይ7ቱን ውሰጂ፣ ከ5 7 ይበልጣል ስቶሬጁም እጥፍ ነው ምናምን እያለኝ ነው። ምሰራው ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሙ) ና ኤክሴል ላይ ነው፣ ብሮውዘርም ላይ ታብ ከፍቼ ከፍቼ ነው ምውለው። የቱን ልያዝ?

ቺፑ፦
እህቴ አይ5ቱን ያዢ አታመንቺ። 7 ከ5 ይበልጣል ሚባለው ጀነሬሽናቸው (የወጡበት ትውልድ) አንድ ሲሆን ነው። ከአይ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪው፣ 4600 በ4 ስለሚጀምር 4ኛ ጀነሬሽን ነው፣ የ2013 ፕሮሰሰር፣ አይ7 ይባል እንጂ ያለው 2 ኮር (ስራውን ሚሰራው ክፍል) ብቻ ነው። 8250ው የ2017 ነው 4 ኮር 8 ትሬድ (ባንዴ ሚያስኬደው የስራ መስመር) አለው። ደሞ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኦፊሻል ሚቀበለው ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ሰፖርት ደሞ ኦክቶበር 2025 ላይ አብቅቷል። የድርጅት ሒሳብ ምትይዢበት ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ብሎን_ፈቺ፦
እኔም አይ5 እላለሁ ግን በሌላ ምክንያት። ሰው ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ ብሎ ሲያመጣልኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ ሚሽከረከር ሳህን አለ፣ የላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር ነው፣ ማንበቢያዋ ፋይሉ ያለበት ድረስ እየሄደች ነው ምታነበው፣ ትንንሽ ፋይል ሲበዛባት እዛው ትቀራለች። ታስክ ማናጀር ስትከፍቺ ዲስኩ 100% ሆኖ ፕሮሰሰሩ ስራ ፈቶ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። አይ7ቱም ሳታ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ቦታ ሚሰካው፣ ሚሽከረከር ነገር የሌለው) ቢገባለት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፣ ሌላ ላፕቶፕ ነው ሚመስልሽ፣ ግን ለሱ ከኪስሽ ልትጨምሪ ነው፣ በእኩል ዋጋ ምን በወጣሽ።

ከመክፈልሽ በፊት ስቲከሩን አትመኚ፣ ስቲከር ማንም ይለጥፋል። ሴቲንግ ገብተሽ አባውት ላይ የፕሮሰሰሩን ስም ራስሽ አንብቢ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሚባለውን የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና የኤስኤስዲውን ሄልዝ እዪ፣ ሻጩ ከተቆጣ ተዪውና ውጪ።

ሒሳብ_ያዥ፦
ተባረኩ። ግን 256 አያንሰኝም? ደሞ የላከልኝ ፎቶ ላይ 238 ጂቢ ነው ሚለው፣ ጎድሎ ነው እንዴ?

ቺፑ፦
ምንም አልጎደለም፣ አምራቾቹ በ1000 ነው ሚቆጥሩት ዊንዶውስ ደሞ በ1024፣ ስለዚህ 256ቱ 238 ሆኖ ይታያል። ላንቺ ስራ ይበቃል፣ ፊልም ካላጠራቀምሽበት 😄 የፒችትሪ ባክአፕሽን ግን እዛው ላይ ብቻ አታስቀምጪ ኤክስተርናል ይኑርሽ፣ ኤስኤስዲ ላይ ያጠፋሽውን ፋይል ትሪም ሚባለው የኤስኤስዲ ማጽጃ ስለሚያጸዳው እንደ ሃርድ ዲስክ በሪከቨሪ ፕሮግራም መልሼ አገኘዋለሁ ማለት አይሰራም።

ብሎን_ፈቺ፦
አንድ ነገር ረሳሁ፣ ሁለተኛ የራም ቦታ እንዳለው ጠይቂ። አንዳንዱ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ በኋላ 16 ላርገው ብትዪ አይሆንም።